ፖለቲካል ሳይንስ ከጣራ ገዳም ሲታይ

«ፖለቲካል ሳይንስ ነው የምማረው» ያለ ልጅ ሁለት ጥያቄ አይቀርለትም፦ «ካድሬ ልትሆን ነው?» እና «ሥራ አለው?»። ሁለተኛው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን ትምህርቱን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ትምህርቱ ሥልጣን መያዣ ዘዴ አያስተምርም፤ ማን ይወስናል፣ በምን መብት ይወስናል፣ ሌላውስ ለምን እሺ ይለዋል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ለማየት ደግሞ ደቡብ ጎንደር ይበቃል።

ከአዲስ ዘመን ከተማ ቀና ብላችሁ ጣራ ገዳምን እዩት። በዙሪያው ያለው አብዛኛው ተራራ ታርሶና ተግጦ ሳለ የገዳሙ ደን ከነወይራው ዛሬም አለ። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጥቶ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ እሱም በ1983 ወደቀ። ደኑ ቢሳሳም ተረፈ። ለምን? ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968፣ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉም ለየራሱ ሲሻማበት ያልቃል ብሎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን የብዙ አገር የግጦሽ መሬት፣ መስኖና ዓሣ ማስገሪያ አጥንታ፣ ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብት ጠብቀው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳየች፤ ወሰኑ ከታወቀ፣ ተቆጣጣሪው ከራሳቸው መካከል ከሆነ፣ ቅጣቱም ከቀላል ተነስቶ እየከበደ ከሄደ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ዶክትሬቷ ግን በፖለቲካል ሳይንስ ነው።

ተማሪው እዚህ ላይ «ሕዝቡ ሃይማኖተኛ ስለሆነ ነው» ብሎ አያልፍም። ደኑን ያቆየው ግዝት ነው፣ ዘብ ነው ወይስ የመንግሥት ሕግ? ያው ምእመን ከብቱን የሚያሰማራበት የጋራ መስክስ ለምን ተራቆተ? ሰውና እምነቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ምክንያቱ ከደንቡ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ማነጻጸር የትምህርቱ ዋና መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንሂድ። በ1834 ደጃዝማች ውቤ እዚያ ራስ አሊን ድል አደረጉ፤ ድላቸውን ሲያከብሩ ግን በራስ አሊ ወገን እጅ ወደቁ። በ1847 ደግሞ ካሣ ኃይሉ ውቤን ደረስጌ ላይ አሸነፉና፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በጦር ያሸነፈ ሰው ቅባትና ጳጳስ ምን ያደርግለታል? ማክስ ቬበር መንግሥት ማለት በአንድ ግዛት ውስጥ ተቀባይነት ያለውን ጉልበት ለብቻው የያዘ ነው ይላል። ቁም ነገሩ «ተቀባይነት ያለው» የሚለው ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ መቅደላ ድረስ ተጎተተ። በ1860 ግን ትእዛዛቸውን ይቀበል የነበረው አብዛኛው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ፣ ፍሬሽ ላይ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂና ግሎባል ትሬንድስ ከሌሎች ጋር ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት ስትገቡ የፖለቲካ ፍልስፍና፣ ንጽጽራዊ ፖለቲካ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ የኢትዮጵያ ፖለቲካና የምርምር ዘዴ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ሲኒየር ኤሴይ አለ፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና።

ሥራውስ? በር ላይ የሚጠብቅ የለም። ውጭ ጉዳይ፣ የመንግሥት ቢሮዎች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና መገናኛ ብዙኃን ይቀጥራሉ፤ ነገር ግን በአንድ ማስታወቂያ ከሶሲዮሎጂና ከሕግ ተመራቂ ጋር ትጋፋላችሁ። ስለዚህ ስታቲስቲክስና ጥሩ ጽሑፍ ከአሁኑ ያዙ።

ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የምትደግፉት ወገን ሲሸነፍ ከመናደድ አልፋችሁ ለምን እንደተሸነፈ ለማወቅ ትጓጓላችሁ? አዎ ካላችሁ አንደኛ ምርጫ አድርጉት። ንዴቱ ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ አራቱ ዓመት ይረዝምባችኋል።