ሳያሳዩ የሚያስፈሩ 3 ርካሽ ፊልሞች

ዝቋላ ወይ ሰቆጣ ያደገ ልጅ ያውቃታል፦ መብራት ጠፍቷል፣ ውጭ ጅብ ይጮኻል፣ አያት ተረት ያወራሉ። ጅቡ አይታይም፤ ፍርሃቱ ግን አለ። በትንሽ ብር የተሠሩ አስፈሪ ፊልሞችም ሚስጥራቸው ይኸው ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)

1. «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» (2007)
በ15 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በዳይሬክተሩ በራሱ ቤት ተቀረጸ። ካሜራው ቆሞ መኝታ ቤቱን ያሳያል። በሩ ብቻውን ሲንቀሳቀስ... በቃ!

2. «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» (1999)
3 ወጣቶች ጫካ ውስጥ ይጠፋሉ። የቀረጹትም ራሳቸው ተዋናዮቹ ናቸው። ጠንቋይዋን እስከ መጨረሻው አናያትም።

3. «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968)
ሙታን ተነስተው ቤት ይከባሉ። ደም መስሎ የሚታየው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው! አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የኮፒራይት ምልክቱን ስለረሳ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ስለዚህ ከኢንተርኔት አርካይቭ በነጻ ይወርዳል። ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱት፣ ማታ ያለ ዳታ እዩት።

ኢርፎን አድርጉ፣ ሕፃናት ይተኙ፣ መብራት አጥፉ (ራሱ ካልጠፋ 😅)።

ካሜራው እኮ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የአያታችሁን ተረት ማን ይቅረጸው?