ሚሲሲፒን በሞተር ለመውረድ፦ የአንድ ረጅም መንገድ ካርታ

ነጭ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ የመርከብ መሪ፣ መሪው መሃል ደግሞ የእንፋሎት መርከብ። ከሰሜን ሚኒሶታ ጫካ እስከ ሉዊዚያና ረግረግ፣ በአሥር የአሜሪካ ግዛቶች መንገድ ዳር የሚታየው ምልክት ይህ ነው። መንገዱ ግሬት ሪቨር ሮድ ይባላል፤ ሚሲሲፒን ከምንጩ ጀምሮ ባሕር እስኪቃረብ ድረስ እየተከተለ ይወርዳል። በሞተር ሳይክል ረጅም ጉዞ የሚወዱ ሰዎችም በደንብ ያውቁታል። ምልክቱ አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ አንድ አይደለም። ካርታ ላይ ሊያሰፍረው የተነሣን ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1938 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንዙን የሚዋሰኑት ግዛቶች ተሰባስበው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የመናፈሻ መንገድ ይሠራልን አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጉዳዩ ሲጠና ወጪው የሚቻል ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ አዲስ መንገድ መሥራቱ ቀርቶ በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉትን መንገዶች እያሻሻሉ መቀጣጠል ተመረጠ። ውጤቱ የተጣጣፈ መንገድ ነው፤ እዚህ የፌደራል አውራ ጎዳና፣ እዚያ የግዛት መንገድ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትራክተር ከፊት ከገባ የማያሳልፍ ጠባብ የካውንቲ መንገድ። በብዙ ቦታም ምልክቱ በሁለቱም ዳር ተተክሏል። ወንዙ 2,340 ማይል ገደማ ሆኖ ሳለ መንገዱ 3,000 ማይል ያህል ነው የሚባለው አንድም በዚህ የተነሣ ነው።

እኛ አገር ትልቅ ወንዝ የምናየው ስንሻገረው ነው። ዓባይን ያየ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ሽቅብ ወደ ደጀን ሲወጣ አይቶት ነው፤ በዚያ በረሃ ወንዙን ይዞ የሚሄድ መንገድ የለም። ሚሲሲፒ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ሜዳ ላይ ስለሚያሳልፍ መንገድ አብሮት ይሄዳል፤ ያውም ከሚገባው በላይ ብዙ መንገድ። ስለዚህ ካርታ ሠሪው ፊት የሚደቀኑት ጥያቄዎች በየትኛው ዳር ልውረድ፣ የት ልሻገር፣ ወንዙንስ የት ላግኘው የሚሉ ናቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፤ ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር ግን ዋናው እሱ ይሆናል።

ወንዙ ከኢታስካ ሐይቅ ሲወጣ ስፋቱ ስድስት ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ሄንሪ ስኩልክራፍት የተባለ አሳሽ በ1832 ኦዛዊንዲብ በሚባል የኦጂብዌ ነባር ሕዝብ ሰው እየተመራ እዚህ ደርሶ፣ ምንጩ ይህ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወንዙ ወደ ደቡብ አይወርድም። መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤሚጂ ያቀናል፤ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሐይቆች መካከል ሲንከራተት ይቆይና ነው የሚታጠፈው። መንገዱም አብሮት ይንከራተታል። መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ ነገር ግን ጊዜ ያጠረው ሰው ምንጩን አይቶ በቀጥታ ወደ ሚኒያፖሊስ ቢነዳ እኔ አልፈርድበትም።

ሚኒያፖሊስን ያቆመው በወንዙ ላይ ብቸኛው ትልቅ ፏፏቴ የሆነው ሴንት አንቶኒ ነው፤ የዱቄት ፋብሪካዎቹ የተተከሉት የእሱን ጉልበት ተማምነው ነው። ከፏፏቴው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እዚያው ወንዙ ዳር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር አለ፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሌላውም የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ኑሮ የመሠረተበት ነው። ወደ ደቡብ የሚወርድ አበሻ ሞተረኛ እንጀራውን በዚህ ከተማ በልቶ ቢነሣ ይሻለዋል፤ ከፊቱ ያለው አገር የተጠበሰ ዓሣና የሃምበርገር አገር ነው።

ሞተረኞች የሚመኙት ክፍል ከሴንት ፖል በታች ይጀምራል። የጥንቱ የበረዶ ግግር ዙሪያውን ሲደመስስ ይህን አካባቢ ስላልነካው፣ ወንዙ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ይሄዳል፤ አንዳንዱ ገደል ከውሃው በላይ 500 ጫማ ይደርሳል። በምዕራብ፣ በሚኒሶታ በኩል፣ 61 ቁጥር መንገድ አለ፤ ሰፊና ፈጣን ነው። በምሥራቅ፣ በዊስኮንሲን በኩል፣ 35 ቁጥር አለ፤ ከፕሬስኮት ተነሥቶ በሜይደን ሮክ፣ በፔፒን፣ በአልማና በትሬምፐሎ በኩል ወደ ላክሮስ ይወርዳል። ጠበብና ጠምዘዝ ያለ ነው።

የትኛው ይመረጥ? ብዙ ሰው ስለ ኩርባው ብሎ 35ን ይመርጣል። እኔም እመርጠዋለሁ፤ ለምርጫው ግን ከኩርባው የበለጠ ምክንያት አለ። በአሜሪካ መኪና የሚነዳው በቀኝ ነው። በምሥራቁ ዳር ወደ ደቡብ የሚወርድ ሞተረኛ ወንዙ በቀኙ፣ በራሱ ረድፍ በኩል ይሆንለታል። ማረፊያ ሲያይ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሳይቆርጥ ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ ይቆማል። በምዕራቡ ዳር ቢወርድ ግን ወንዙን የሚያየው በተቃራኒው ረድፍ ማዶ፣ በጭነት መኪና እየተጋረደበት ነው። ፀሐይም አለች፦ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ ከምሥራቁ ዳር ሆኖ ለሚያይ በውሃው ማዶ ነው የምትጠልቀው። ጠዋት ደግሞ ከገደሉ ጀርባ ስለምትወጣ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ በመስከረም ይህ ጥላ ጣት ያደነዝዛል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው የመንገድ ረድፉ ነገር ይገለበጣል፤ በዚያ አቅጣጫ 61 ይሻላል። አንድ ዓይነት ካርታ ለሁለቱም ጉዞ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

35 አንድ ጉድለት አለበት። በብዙ ቦታ በመንገዱና በውሃው መካከል የባቡር ሐዲድ ገብቷል፤ የጭነት ባቡሩም ረጅም ነው። ወደ ጀልባ መውረጃው ለመድረስ ሐዲዱን መሻገር የግድ ይላል። ሐዲድ በሞተር የሚታለፈው ቀጥ ብሎ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን ነው፤ በተለይ ዝናብ ካረጠበው በሰያፍ የገባ ጎማ ይንሸራተታል። ስለዚህ ማረፊያ ምልክት ሲደረግ፣ ከመንገዱ በየትኛው ማዕዘን እንደሚወጣ ጭምር በሳተላይት ምስል ማየት አይከፋም።

በዚህ ክፍል ላይ ፔፒን ሐይቅ አለ። ቺፔዋ ወንዝ ያመጣው አሸዋ ሚሲሲፒን ስለገደበው የተፈጠረ፣ ከ20 ማይል በላይ የሚረዝም ሐይቅ ነው። በ1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ ወጣት በጀልባ እየተጎተተ በውሃ ላይ በሸርተቴ መቆም እንደሚቻል ያሳየው እዚህ፣ በሌክ ሲቲ በኩል ነው። በሬድ ዊንግ፣ በዋባሻ፣ በዊኖና፣ በላክሮስ ድልድይ ስላለ፣ የመረጠው ዳር የሰለቸው ሰው ሳይቸገር ይሻገራል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ዛሬ ካርታ የሚሠራው በኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከዚያ ጂፒኤክስ በሚባል ፋይል ወደ ሞተሩ ጂፒኤስ ወይም ወደ ስልክ ይተላለፋል። እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያስቸግር አንድ ልዩነት አለ። ፋይሉ ሩት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ማለት ጥቂት ነጥቦች ይሰጡትና መሣሪያው ራሱ በመካከላቸው መንገድ ይፈልጋል። ትራክ ሊሆንም ይችላል፤ ይህ ደግሞ እንደ ዱካ ነው፣ መሣሪያው የተሰመረለትን ብቻ ያሳያል። የወንዝ ዳር መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ ሩት የተሰጠው መሣሪያ ደግሞ ፈጣን መንገድ ይወዳል። ነጥቦቹ ከተራራቁ ሳያስታውቅ ወደ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ይወስድና ወንዙን አሥር ማይል ያርቀዋል።

መድኃኒቱ መንገዱ ሊሸሽ በሚችልበት ቦታ ሁሉ አስገዳጅ ነጥብ መትከል ነው። ነጥቡ መስቀለኛው ላይ ሳይሆን ከመስቀለኛው አለፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለው መንገድ መሃል ላይ ይተከል። ካርታውን አጉልቶ ማየትም ያስፈልጋል። ነጥቡ ለጥቂት ሜትር ስቶ ነዳጅ ማደያው ግቢ ውስጥ ወይም ለሁለት በተከፈለ ጎዳና ተቃራኒ ረድፍ ላይ ካረፈ፣ መሣሪያው እዚያ ነጥብ ላይ ካልደረስክ አልፈታህም ይላል። በየመቶ ሜትሩ ተመለስ፣ ተመለስ እያለ ይነዘንዛል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሩቱንም ትራኩንም አንድ ላይ ይጭናሉ፤ ሩቱ ሲያወራ ትራኩ ከሥር በሌላ ቀለም ተሰምሮ ስለሚታይ፣ ሁለቱ ሲለያዩ ወዲያው ይታወቃል።

መሣሪያውን የሚያደናግር ሌላም ነገር አለ፤ ወሰን የማይገባው ወንዙ ራሱ። ሃሮልድ ፊስክ የተባለው የምድር ጥናት ሊቅ በ1944 ያወጣቸው ካርታዎች ሚሲሲፒ በየዘመኑ የተኛባቸውን አልጋዎች በልዩ ልዩ ቀለም ያሳያሉ፤ የተፈታ ባለቀለም ክር ነው የሚመስሉት። የግዛት ወሰኖች ግን ወንዙ ድሮ በነበረበት ቀርተዋል። የኢሊኖይ የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ ካስካስኪያ ከ1881 ጎርፍ በኋላ ወንዙ በምሥራቋ በኩል ስለዞረባት፣ ዛሬ ሚዙሪ ዳር ተቀምጣ የኢሊኖይ ናት፤ በመንገድ የሚገባባትም ከሚዙሪ በኩል ነው። የቪክስበርግን ወደብ ደግሞ ወንዙ በ1876 ጥሎት ሄደ። መሣሪያው በአንድ ዳር እየነዱ ግዛት ተለወጠ ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የኦሃዮ ወንዝ የሚቀላቀልበትን የኢሊኖይዋን ኬሮ ካለፉ በኋላ የድልድዩ ነገር ይለወጣል። ከኬሮ እስከ ሜምፊስ ያለው ድልድይ አንድ ብቻ ነው፤ ካሩተርስቪል ላይ፣ የፈጣኑ መንገድ የአይ 155 ድልድይ። ፈጣን መንገድ አታሳየኝ ብሎ ያዘዘውን ሞተረኛ፣ መሣሪያው ድልድዩን እንደሌለ ቆጥሮ ሩቅ ሊያዞረው ይችላል። ሌላው አማራጭ በሚዙሪ ዶሪናና በኬንታኪ ሂክማን መካከል የምትመላለሰው ጀልባ ናት፤ መኪናም ሞተርም ታሻግራለች፤ ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል ግን ትቆማለች። ከሜምፊስ በታች ደግሞ ሄለና፣ ግሪንቪል፣ ቪክስበርግ፣ ናቸዝ እያለ ድልድዩ በጣም እየተራራቀ ይሄዳል። እዚህ ዳር መምረጥ ማለት የሙሉ ቀን መንገድ መምረጥ ነው።

ወንዙም ይጠፋል። በሚያዝያ 1927 ከግሪንቪል በላይ ማውንድስ ላንዲንግ ላይ ጎርፍ የሚመልሰው የአፈር ክትር ተደርምሶ ዴልታ የሚባለው ሜዳ በውሃ ተዋጠ። በማግስቱ ዓመት የወጣው የጎርፍ መከላከያ ሕግ ሥራውን ለሠራዊቱ መሐንዲሶች ሰጠ፤ ክትሩም ከፍ ብሎ ተሠራ። ዛሬ በሚሲሲፒ ግዛት 1 ቁጥር መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው በአንድ ጎኑ የጥጥና የአኩሪ አተር ማሳ፣ በሌላው በኩል በርቀት ሣር የለበሰ የአፈር ግንብ ያያል፤ ውሃ ግን አያይም። የወንዝ ዳር ጉዞ ብሎ መጥቶ ሙሉ ቀን ወንዝ ሳያይ የሚውል ሞተረኛ ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በካርታዎች ላይ ይህን ክፍል ከላይኛው እኩል በአረንጓዴ ማስመር ሰውን ማታለል ነው።

ስለዚህ ለደቡቡ መታያ ቦታዎች አንድ በአንድ ምልክት ይደረግባቸዋል። ቪክስበርግና ናቸዝ ከፍታ ላይ ስለተቀመጡ ወንዙ ከነሙሉ ስፋቱ ይታይባቸዋል። በሉዊዚያና 15 ቁጥር መንገድ ደግሞ በከፊል በክትሩ አናት ላይ ነው የሚሄደው፤ ከፍ ብሎ ሜዳውን በግራና ቀኝ እያዩ መንዳት ይቻላል። ነፋስ ግን መከለያ የለውም፤ ቀላል ሞተር ይገፋል።

ካርታው ላይ ሌላም የሚጻፍ አለ። ቴነሲ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ማንኛውም ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ ያዛሉ፤ ኢሊኖይና አዮዋ አዋቂውን አያስገድዱም። በድልድይ ተሻግሮ ሌላ ሕግ ውስጥ መግባት ስላለ፣ ሄልሜቱን ከራስ አለማውረድ ነው የሚሻለው። ወለላቸው የብረት መረብ የሆኑ አሮጌ ድልድዮችም ምልክት ይደረግባቸው፤ ጎማው በመረቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መሪውን አጥብቆ መያዝ ያባብሰዋል፣ ላላ አድርጎ በእኩል ፍጥነት ማለፍ ነው። ነዳጅ በዴልታው ትናንሽ ከተሞች በጊዜ ይዘጋልና በየመቶ ማይሉ አንድ ማደያ ይታሰብ። ወቅቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ቢሆን ከሰሜን ቅጠሉ ሲቀላ ተነሥቶ፣ ደቡብ ሙቀቱ ሲበርድለት መድረስ ይቻላል። በጸደይ ጎርፉ ራሱ መንገድ ይዘጋል።

ከኒው ኦርሊንስ በታች 23 ቁጥር መንገድ የምዕራቡን ዳር ይዞ 75 ማይል ያህል ወርዶ ቬኒስ ላይ ያልቃል። ወንዙ ከዚያም ወዲያ ይቀጥላል፤ መንገድ ግን የለም። ብዙዎች ሲመለሱ ያንኑ መንገድ ይደግማሉ። ፖይንት አላ ሃሽ ላይ የምታሻግረዋ ጀልባ እየሠራች ከሆነ ግን ወደ ምሥራቁ ዳር ተሻግሮ በ39 ቁጥር መውጣት ይቻላል። ካርታ ላይ ሁለቱንም ማስመርና፣ ጀልባዋን ከመነሣት በፊት ደውሎ ማጣራት ነው።