የክሩዋሳኑ ገንዘብ የት ነው? የባሌ ስንዴና የፈረንሳይ ዳቦ ቤቶች

አንገቱ፦ እዚህ ማለዳ ሻይ ቤት የገባ መንገደኛ ከቡናው ጋር የሚቀርብለት ትኩስ ቦምቦሊኖ ነው። ቡናው የዚያው የሐረና ጫካ ቡና ነው። የቦምቦሊኖው ዱቄት ግን ከተራራው ማዶ፣ ከስንዴው አገር ከሮቤ በኩል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣውን የሳነቴን መንገድ ተሻግሮ የመጣ ነው። የባሌን ኢኮኖሚ በአንድ ሳህን ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ከተራራው በስተደቡብ ቡናና ማር፣ በስተሰሜን ስንዴ፣ ገብስና ከብት።

ዱባይ ለዕቃ ሄዶ የተመለሰ፣ ወይም አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ቁርሱን የበላ ነጋዴ ስለ ፈረንሳዮቹ ክሩዋሳን ሳያወራ አይቀርም። አስተያየቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ነው፣ ውድ ነው፣ ሲገምጡት ውስጡ አየር ነው፣ ፍርፋሪው ኮት ያበላሻል። በቦምቦሊኖና በክሬም ኬክ ላደገ ሰው ይህ ፍርድ አያስገርምም። ከፍርዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን የዚህን ገጽ አንባቢ በቀጥታ ይመለከታል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው የፈረንሳይ ዳቦ ቤት አገራችን ቢገባ የሮቤ ስንዴ የተሻለ ዋጋ ያገኝ ይሆን?

መልሱ ከወዲሁ ይነገር። በስንዴው በኩል ብዙም አያገኝም። ገንዘቡ ያለው የእህል ነጋዴ በማይጠረጥረው ቦታ፣ ቅቤው ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኩባንያዎቹ ጥቂት እንበል። በዓለም ላይ በስፋት ከተሰራጩት የፈረንሳይ ዳቦ ቤቶች መካከል ፖል እ.ኤ.አ. በ1889 በሊል ከተማ አቅራቢያ የተጀመረ ነው። ብሪዮሽ ዶሬ የለ ዱፍ ግሩፕ ንብረት ሲሆን ግሩፑ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ። ኤሪክ ካይዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ሱቁን ከፈተ። እነዚህ ስሞች በአፍሪካም እንግዳ አይደሉም፤ ካዛብላንካ፣ ዳካር፣ አቢጃን፣ ኪንሻሳ ገብተዋል። የለ ዱፍን ግሩፕ ለየት የሚያደርገው ብሪዶር የሚባል ፋብሪካም ያለው መሆኑ ነው። ይህ ፋብሪካ ተጠፍጥፎና ተጠቅልሎ ያለቀ ሊጥ በረዶ አድርጎ ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች ይሸጣል። ገዢው የሚጠበቅበት ከማቀዝቀዣ አውጥቶ መጋገር ብቻ ነው። የስንዴ ነጋዴ ይህችን ነጥብ ልብ ይበል። የፈረንሳይ ሰሌዳ በተሰቀለ ቁጥር የአገር ስንዴ ይገዛል ማለት አይደለም፤ ሊጡ ራሱ በመርከብ ሊመጣ ይችላል።

(በነገራችን ላይ ክሩዋሳን ራሱ ለፈረንሳዮች የውጭ ዕቃ ነበር። አውጉስት ዛንግ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ላይ የቪየና ዳቦ ቤት ከፍቶ ነው ጣዕሙን ያስለመዳቸው። ፈረንሳዮች የዚህን ቤተሰብ ኬኮች ዛሬም «የቪየና» ብለው ነው የሚጠሯቸው።)

ወደ እኛ አገር ሕግ ስንመጣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሆን የዳቦና የኬክ ምርትን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሏል። ሻይ ቤትና ቡና ቤትም እንደዚሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ለውጭ ባለሀብቶች የከፈተው የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ነበር፤ ዳቦና ኬክ መጋገር ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ታዲያ የውጭ ስም እንዴት ይገባል? በፍራንቻይዝ ነው። የአሜሪካው ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በላይአብ በተባለ የአገር ውስጥ ኩባንያ ባለቤትነት ነው። ስሙ፣ አሠራሩና የጥራት መመዘኛው የውጭ ነው፤ ካፒታሉ፣ ሠራተኛውና ኪሳራው (ካለ) የእኛ ነው። በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት የዕለቱን ዝርዝር ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ያረጋግጥ፤ ዝርዝሩ የሚለዋወጥ ነው።

ፍራንቻይዝ ሳይኖርም ፈረንሳይኛ ስም መሰቀሉ አልቀረም። በአዲስ አበባ በርካታ ቅርንጫፎች ያሉት ላ ፓሪዚየን ክሩዋሳንን ለብዙ ደንበኛ አስተዋውቋል። ከዚያ በፊት የከተማችን የኬክ ጣዕም የጣልያን ነበር። ፒያሳ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲሸጥ የኖረው የኤንሪኮ ኬክ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ቦምቦሊኖም ቢሆን በስሙ ጣልያናዊ መሆኑን ማንም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። አንድ ኩንታል ስንዴ ተፈጭቶ ወደ 75 ኪሎ ነጭ ዱቄት ይሰጣል፤ የቀረው ፍሩሽካ ነው። አንድ መደበኛ ክሩዋሳን 40 ግራም ያህል ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ ከአንድ ኩንታል የሮቤ ስንዴ ወደ 1,900 የሚጠጋ ክሩዋሳን ይወጣል ማለት ነው። አንባቢ በሚያውቀው ካፌ አንዱ ክሩዋሳን የሚሸጥበትን ዋጋ በ1,900 ያባዛና ዛሬ ሮቤ ላይ ኩንታሉ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ያስተያይ። ውጤቱ ገበሬውን ያስቆጣ ይሆናል፤ ደላላውንም እንዲሁ። ስንዴው በዕጥፍ ቢወደድ እንኳ ካፌው ላይ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። በዚሁ ምክንያት የክሩዋሳን ገበያ መስፋፋት የስንዴን ዋጋ የመግፋት አቅም የለውም። ስንዴን የሚገፋው የዳቦ፣ የፓስታና የማካሮኒ ፍላጎት ነው።

ቅቤው ግን ሌላ ነው። አንድ ክሩዋሳን 20 ግራም ያህል ቅቤ ይገባበታል። ለ1,900 ክሩዋሳን 38 ኪሎ ቅቤ መሆኑ ነው። የ38 ኪሎ ቅቤ ዋጋ ከኩንታል ስንዴው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ለማወቅ ወደ ገበያ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ቅቤ በግምት 20 ሊትር ወተት ይፈጃል፤ ስለዚህ 38 ኪሎው 760 ሊትር ነው። የአገር ላም በቀን ሁለት ሊትር ብትሰጥ የ380 ላሞች የአንድ ቀን ወተት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ትንሽ ነው፣ ውድ ነው» የሚለው አስተያየት መልክ ይለውጣል። በላተኛው የሚከፍለው ለዱቄቱ ሳይሆን ለላሟ ነው።

ውስጡ አየር የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። ጋጋሪው ቀዝቃዛ ቅቤ እንደ አንሶላ ጠፍጥፎ በሊጥ ይሸፍነዋል፤ ሊጡን ይዳምጥና ለሦስት ያጥፈዋል። ይህን ሦስት ጊዜ ሲደጋግም 27 ንብብር ቅቤ ይፈጠራል። ምድጃ ሲገባ በቅቤውና በሊጡ ያለው ውኃ ተንኖ ንብብሩን ያነሳዋል። እንግዲህ አየሩ ጉድለት ሳይሆን የሥራው ውጤት ነው። ቅቤው በመሃል ከቀለጠ ንብብሩ ይጠፋና የሚወጣው ቅባት የጠጣ ዳቦ ይሆናል። ማርጋሪን በሚጠቀሙ ቤቶች ክሩዋሳኑ ቀና ብሎ ቢነሳም አፍ ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ማርጋሪን የሚቀልጥበት ሙቀት ከቅቤ ከፍ ስለሚል ነው። «የውጭው ይጥማል፣ የእኛው ይከብዳል» የሚባለው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ ከጋጋሪው እጅ አይደለም።

ታዲያ የባሌ ቅቤ ለዚህ አይሆንም ወይ? እንደ አሁኑ አሠራር አይሆንም። የእኛ ቅቤ ከረጋ ወተት በመናጥ የሚወጣ ነው። መርጋቱ ነውር የለበትም፤ ፈረንሳዮችም ክሬማቸውን አርግተው ነው የሚንጡት። ችግሩ የውኃው መጠን ከቤት ቤት መለያየቱ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቅቤ ቢያንስ 82 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል፤ ለክሩዋሳን ተብሎ የሚዘጋጀው 84 በመቶ ይደርሳል። ሮቤ ወይም ጎባ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ለጋ ቅቤ ግን በመቶኛ ለክቶ የሚገዛ የለም። ገዢው ያሸታል፣ ይዳስሳል፣ ይቀምሳል። ለወጥም ለፀጉርም የሚሆን ቅቤ አንድ ላይ የሚሸጥበት ገበያ ነው። በየከተማው የሚሰማው የባዕድ ነገር ቅልቅል ወሬ ደግሞ ገዢውን ይበልጥ ያስጠነቅቀዋል። ንጥር ቅቤ ለዶሮ ወጥ ወደር ባይኖረውም ውኃው ስለወጣ ለዚህ ሥራ አይውልም።

ስንዴው ላይም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ፤ ባሌ ላይ ስንዴ ሁለት ነው። አንዱ የዳቦ ስንዴ ሲሆን ሌላው ለፓስታና ማካሮኒ የሚውለው ዱረም ነው። በጣልያን መንግሥት ድጋፍ ባሌ ላይ በተካሄደው የዱረም ሥራ የገበሬ ዩኒየኖች በቀጥታ ከፓስታ ፋብሪካዎች ጋር ተዋውለው ሸጠዋል፤ ጥራት ዋጋ ሊያስገኝ እንደሚችል ያ ሥራ አሳይቷል። ለክሩዋሳን የሚሆነው ግን የዳቦ ስንዴ ነው፤ ያውም ፕሮቲኑ ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ የሆነና በየኩንታሉ የማይለዋወጥ። ሮቤ ላይ ስንዴ በዓይንና በእጅ እየታየ፣ በንጽሕናውና በክብደቱ ስለሚገዛ ፕሮቲኑ ከፍ ያለው ከዝቅተኛው ጋር አንድ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ዝርያውም ቢሆን አልረጋ ብሏል። ኩብሳ የተባለው ዝርያ አካባቢውን ሞልቶት ሳለ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መታው። ገበሬው ወደ ዲገሉ ተሻገረ፤ እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግድም የግንድ ዋግ ባሌ ላይ አረገፈው። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ ዝርያ ባወጣ ቁጥር የዱቄቱም ጠባይ አብሮ ይለወጣል። የአዲስ አበባ ኬክ ጋጋሪ ዱቄቱ ከጆንያ ጆንያ ይለያያል ብሎ ቢያማርር ከእውነት የራቀ አይደለም።

ባሌ ያላት፣ ማንም ያልቆጠረው ሀብት ግን አለ፤ ብርዱ ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በሞቃት ከተማ ያለ ጋጋሪ ቅቤው እንዳይቀልጥበት ክፍሉን በኤሌክትሪክ ያቀዘቅዛል። ጎባ ላይ ግን ማለዳ መስኮት መክፈት ይበቃል። (ከፍታው የራሱ ጣጣ አለው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሊጥ ቶሎ ይነሳል፣ እርሾው መቀነስ አለበት።) ለቅቤ ማምረቻና ማከማቻ ደግሞ ብርዱ ወጪ ይቀንሳል፤ መብራት በተቋረጠ ጊዜም ጉዳቱ እንደ ቆላው አይከፋም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ይህ ጉዳይ ሌላ ክብደት አግኝቷል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። በረዶ የሆነ ሊጥና የገበታ ቅቤ ከውጭ የሚያመጣ ካፌ ወጪው በዕጥፍ ግድም ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሆቴሎችና ካፌዎች መመዘኛ የሚያሟላ የአገር ውስጥ ቅቤ ቢያገኙ የሚገዙበት ምክንያት ከቀድሞው የበረታ ነው። የፈረንሳይ ስም መጣም አልመጣ ይህ ፍላጎት አለ።

አንድ ነገር ብቻ ፈረንሳዮቹ ያላሰቡት ይቀራል፤ ጾም። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ከኦርቶዶክስ ደንበኛ ገበታ ይወጣል። የአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች በዘይትና በማርጋሪን የጾም ኬክ እየሠሩ ይሻገሩታል፤ ክሩዋሳን ግን ያለ ቅቤ ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። ባሌ ላይ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ የገበያው የቀን መቁጠሪያ የተለየ ነው፤ በረመዳን ቀኑን የሞተው ገበያ ማታ በሳምቡሳ ይነሳል። ለቅቤ አምራች ግን ጾሙ ጠላት አይደለም። በሁዳዴ ወተት ገዢ ያጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ያን ጊዜ ወተቱን በርካሽ ገዝቶ ወደ ቅቤ የለወጠ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያስቀመጠ ሰው ለፋሲካ ገበያ ከሳምንታት በፊት የገዛውን ዕቃ ይዞ ይቀርባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ክሬም መለያ ማሽን፣ ማቀዝቀዣ ክፍልና የስብ መጠን የሚለካ አንድ ሠራተኛ ነው። በሲናናና በጎባ ዙሪያ ያለውን ወተት ማለዳ ሰብስቦ ሳይሞቅ የሚያደርስ መኪናም እንዲሁ፤ ዋናው ፈተና ያለውም እዚያ ላይ ነው።