ጢሱ የቀነሰ አዲስ ሞተርና የጀማ ዳገት

ጢሱ አነስተኛ ነው የሚባል አዲስ ሞተር በተፈለሰፈ ቁጥር ገንዘብ ያለው ሰው አክሲዮን ለመግዛት ይቸኩላል። እኛ ግን ሞተሩ የት እንደሚሠራና ማን እንደሚገዛው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

ለምሳሌ ሲቪሲሲ የተባለውን የሆንዳ ሞተር እንመልከት። በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ በብልጭታ ይቀጣጠልና፣ ነበልባሉ ወጥቶ በዋናው ክፍል ያለውን አየር የበዛበት ድብልቅ ያነደዋል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ለ1975 የወጣውን የአሜሪካ ደንብ ያለ ጢስ ማጣሪያ አሟላ። ዳሩ ግን ደንቡ እየጠበቀ ሄደ፤ በ1980ዎቹም ማጣሪያውና በኤሌክትሮኒክ የሚመራው የነዳጅ መርጫ ቦታውን ወሰዱበት። ብልሃቱ ትክክል ነበር፤ ዕድሜው ግን አጭር።

በአገራችንስ? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ለአዲሱ ሞተር ይበልጥ የሚታሰበው ገዢ ባለ ጭነት መኪናውና ባለ ወፍጮው ነው። ከጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣ የጭነት መኪና ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ናፍጣው ካልተመጠነለትም ጥቁር ጢስ ይተፋል። የከተማው የወፍጮ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ፈልሳፊው በባሕር ጠረፍ ያደረገውን ሙከራ ይዞ ቢቀርብ፣ መኪናው እህል ተጭኖ የጀማን ዳገት ሲወጣ የፈጀው ናፍጣ ሳይለካ አንድ ብር እንኳ ባይወጣ እንመርጣለን።