ተረትና እውነታ፦ «የታማሚውን ኑሮ አስታማሚው ያውቀዋል»

ተረት፦ በሽታ የጠናበት ሰው ኑሮው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አስታማሚውን መጠየቅ ይበቃል፤ አስታማሚው ግን ጤነኛ ስለሆነ ስለራሱ አይጠየቅም።

እውነታ፦ ሁለቱም ለየብቻ ካልተጠየቁ የሁለቱም ኑሮ አይታወቅም። የኩላሊት ሕመምን እንውሰድ። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመና በንቅለ ተከላ ሌላ ኩላሊት ያላገኘ ታማሚ በየሳምንቱ ለሰዓታት የኩላሊት እጥበት ላይ ይቆያል፤ ያገኘውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። የላብራቶሪ ውጤት የደሙን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ሰውየው እንቅልፍ እንዳጣ ወይም ተስፋ እንደቆረጠ አይነግረንም። አጠገቡ ያለው ዘመድም የሚያውቀው ከፊሉን ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ታማሚና አስታማሚ በመራመድና በመታጠብ ጉዳይ በአብዛኛው ይስማማሉ፤ በሕመም ስሜትና በጭንቀት ላይ ግን ይለያያሉ። ብዙ ጊዜም አስታማሚው የታማሚውን ኑሮ ታማሚው ራሱ ከሚለው የከፋ አድርጎ ይገምታል። ለምሳሌ ተመራማሪዎቹ አልብሬክትና ዴቭሊገር በአሜሪካ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው ተጠያቂዎች 54 በመቶው ራሳቸው ሲጠየቁ ኑሯቸውን ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ብለውታል።

አስታማሚውስ? በዚያው ዓመት የወጣው የሹልዝና የቢች ጥናት አረጋውያን ባለትዳሮችን ለአራት ዓመት ተከታትሏል። ማስታመሙ የከበዳቸው ሰዎች ከማያስታምሙ እኩዮቻቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እያስታመሙ ጫና ባልተሰማቸው ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። ከአደጋው ጋር የተያያዘው ማስታመሙ ብቻውን ሳይሆን ጫናው ነው ማለት ነው፤ ጫናው መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ አስታማሚው ራሱ ሲጠየቅ ነው።

«እኛ አገር ሰው ሲጠየቅ ‹ተመስገን› ስለሚል መጠይቅ አይሠራም» የሚሉ አሉ። ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ ሕመም የለም ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ዝርዝር ይሁን። ኢኪው ፋይቭ ዲ የተባለው መጠይቅ ስለ መንቀሳቀስ፣ ራስን ስለ መንከባከብ፣ ስለ ዕለት ተግባር፣ ስለ ሕመምና ስለ ጭንቀት ለየብቻ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያውያን ለተለያዩ የጤና ሁኔታዎች የሚሰጡት ዋጋም በዚሁ መጠይቅ ተጠንቷል። የአስታማሚን ጫና የሚለካው ዛሪት የተባለው መጠይቅ ደግሞ ሌላ ነው። መናገር ለተሳነው አስታማሚው ይናገርለት፤ ነገር ግን ቃሉ የአስታማሚው ግምት ተብሎ ይመዝገብ።

ተመራማሪዎችና የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ታማሚውንም አስታማሚውንም አንዱ የሌላውን መልስ በማይሰማበት ቦታ ጠይቁ፤ የሁለቱንም መልስ በእኩል ዐይን መዝግቡ።