ከአባየ አንገት የወረደች ወረንጦ

ጤና ጣቢያ ካርድ ያወጣ ሁሉ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ተብሎ ተጠይቋል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። አያት ሲባል ታዲያ የሚጻፈው የአባት አባት ነው። እኔን በጉልበቱ ላይ ያሳደገኝ አያቴ የእናቴ አባት ስለነበር ስሙ በአንድም ወረቀቴ ላይ የለም።

አገራችን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። አባየ እንለው ነበር፤ እኛ ቤት አያት አንቱ አይባልም። ከማተቡ ጋር አንዲት ወረንጦ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከሰዓት በኋላ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞርና «ነይ እስቲ፣ አንቺ ዓይን አለሽ» ይለኛል። ወደ ውስጥ የታጠፉትን የዓይኑን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እነቅልለታለሁ። እንባው ይወርዳል። እኔ እንዳልፈራ ይሁን ሕመሙን ለመርሳት አላውቅም፣ ሳስነቅለው ዘር ይቆጥርልኝ ነበር፤ የአባቱን ወገን ጨርሶ ወደ እናቱ ይሻገራል። ከተሳሳትኩ እንደገና ከላይ ያስጀምረኛል።

ያኔ ዘር መቁጠር የልጆች ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በጎንደርና በጎጃም ደግሞ ርስት የሚጠየቀው በአባትም ሆነ በእናት በኩል ከአቅኚው አባት መወለድን ቆጥሮ በማስረዳት ነው። ቆጠራ የማያውቅ ሰው በሸንጎ ፊት ባዶ እጁን የቆመ ያህል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ይህ ሁሉ እውቀት በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። አባየ ግን አልተወውም። «መሬቱን ይውሰዱት፤ አባቶቼን የት ያደርሷቸዋል?» ይል ነበር።

የሕመሙን ስም የሰማሁት ነርስነት ስማር ነው፤ ትራኮማ። በእጅ፣ በአንድ ፎጣ ወይም ነጠላና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ገና በልጅነት ነው። እየተመላለሰ ሲይዝ የዓይን ቆቡን ከውስጥ በኩል ያጠባሳል። ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱም ሰው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። መንቀል ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል እንጂ አያድንም፤ ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል፣ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ብቅ ሲል ደግሞ የባሰ ይወጋል። አባየ የመጨረሻ ዓመታቱን በታናሽ ወንድሜ ትከሻ እየተመራ ነው የኖረው። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ በሩን በእጁ ዳስሶ ይሳለም ነበር።

ሲሞት አርባውም ሙት ዓመቱም በወጉ ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚያነሳ እያነሰ ሄደ፤ እናቴ ስትሞት ደግሞ እኔና ወንድሞቼ ብቻ ቀረን። ወረንጦዋ እኔ ዘንድ ናት። የልጅ ልጆቼ «ይቺ ምንድን ናት?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው አባየ የሚነሳው። መጀመሪያ ስለ ዓይኑ ነው የሚጠይቁት፤ «ያመው ነበር?» ይላሉ። አዎ፣ ያመው ነበር። ይህን መደበቅ አልወድም፤ ስለ ሞተ ሰው ደጉን ብቻ እየነገርን ልጆቹ የማያውቁት ቅዱስ እናደርገዋለን።

ደቡብ ጎንደር ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። የዚትሮማክስ ኪኒን በየቀበሌው ሲታደል ከርሟል፤ የልጆችን ፊት ማጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈርም ተለምዷል። የተቀለበሰ ቆብ ግን በኪኒን አይመለስም። በማደንዘዣ መርፌ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። አዛውንቶች «አርጅቻለሁ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» እያሉ ይቀራሉ፤ ከእርጅና ጋር ምንም አያገናኘውም።

ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ የአያታችሁን አንገት እዩልኝ። ወረንጦ ካለች፣ ወይም ፀሐይ ሲያዩ ዓይናቸው የሚያነባ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። መንገድ ላይም ዘር አስቆጥሯቸው፤ የእናታችሁን ወገን ጭምር።