ድንችና እንቁላል፦ የስፔናውያን ቶርቲያ እንዴት ይዘጋጃል?



ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ለአምስት ለስድስት ሰው ይበቃል ቢባል ማን ያምናል? በስፔን አገር ግን ሲያበቁት ኖረዋል። በ1817 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው የገበሬውን ችግር የሚዘረዝር አቤቱታ ለናቫራ ምክር ቤት አቅርቦ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ላይ ሴቶቹ ጥቂቱን እንቁላል ከድንችና ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር እየደባለቁ ትልቅና ወፍራም አድርገው እንደሚጠብሱት፣ ቤተሰቡም እንደሚካፈለው ተገልጿል። ዛሬ በስፔን ከቤት ማዕድ እስከ መንገድ ዳር ቡና ቤት የማይጠፋው «ቶርቲያ ደ ፓታታስ» ዘመዱ ይኸው የድሀ ጥብስ ነው።

«ቶርቲያ» ማለት በስፔን ቋንቋ ትንሽ ቂጣ እንደ ማለት ነው። በሜክሲኮ በዚሁ ስም የሚጠራው ከበቆሎ የሚጋገር ስስ ቂጣ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ድንች ራሱ ለስፔን እንግዳ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች የመጣው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ወደ አገራችንም በ1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንዳስገባው ይነገራል።

ቶርቲያን ማን ፈጠረው ለሚለው ጥያቄ ስፔናውያን አንድ ተረት አላቸው። ቶማስ ደ ሱማላካሬጊ የተባለው የጦር አዛዥ በ1835 ቢልባኦን ከብቦ ሳለ ለወታደሮቹ ፈጥኖ የሚደርስና የሚያጠግብ ምግብ ሲፈልግ ነው የተገኘው ይላሉ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ የናቫራው ጽሑፍ ከዚህ 18 ዓመት ስለሚቀድም ተረትነቱ ግልጽ ነው።

ሕዝቡ ይህን ምግብ ምን ያህል እንደሚወደው የሚያሳየው ደግሞ የረሀቡ ዘመን ነው። ከ1936 እስከ 1939 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እንቁላሉም ድንቹም ጠፋ። በ1941 ኢግናሲ ዶሜነክ የተባለው የወጥ ቤት ባለሙያ ባሳተመው መጽሐፍ ያለ እንቁላልና ያለ ድንች የሚሠራ ቶርቲያ አቀረበ። በድንቹ ፋንታ የብርቱካን ልጣጭ ነጩ ክፍል፣ በእንቁላሉ ፋንታ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ዋናውን ቢያጣ መልኩን እንኳ ፈለገ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለአራት ሰው የሚያስፈልገው፦ መካከለኛ ድንች 4 (ወደ 600 ግራም)፣ እንቁላል 6፣ ሽንኩርት 1፣ ጨው፣ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ዘይት። ስፔናውያን የሚመርጡት የወይራ ዘይት ነው። እሱ ከተወደደ የሱፍ ዘይትም ይሆናል። እንቁላል ካጠረም በ4 ይሠራል፤ ጠጠር ይላል እንጂ አይበላሽም።

አንደኛ፦ ድንቹን ልጦ ማጠብና በጨርቅ ማድረቅ። እርጥብ ድንች የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈናጠራልና። አረንጓዴ የሆነው ክፍል መርዝነት ስላለው ተቆርጦ ይጣላል። ከዚያ ድንቹም ሽንኩርቱም በስሱ ይከተፋል።

ሁለተኛ፦ ዘይቱን አሙቆ ድንቹንና ሽንኩርቱን ጨው ነስንሶ መጨመር፣ እሳቱንም መቀነስ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ድንቹ ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበስል እንጂ እንደ ችብስ እንዲደርቅ አይደለም። ቅርፊት የያዘ ድንች እንቁላሉን አይጠጣም። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ አልፎ አልፎ እያማሰሉ ማቆየት ነው። በማንኪያ ሲጫኑት ከፈረሰ በስሏል።

ሦስተኛ፦ ዘይቱን ማጥለል። የተጠለለው ዘይት ለሌላ ምግብ ስለሚሆን አይደፋም።

አራተኛ፦ እንቁላሉን በሰፊ ሳህን መትቶ ድንቹን ለብ እንዳለ እሱ ውስጥ መጨመርና ለ10 ደቂቃ መተው። ለምን ቢሉ፣ ድንቹ እንቁላሉን መጥጦ አንድ አካል እንዲሆን ነው። ይህን ጊዜ የዘለለ ሰው ቶርቲያው ሲቆረጥ ይበታተንበታል።

አምስተኛ፦ በመጥበሻው ሁለት ማንኪያ ዘይት አግሎ ድብልቁን መገልበጥ፣ ወዲያው እሳቱን መቀነስ፣ ለ4 ደቂቃ ያህል ጠርዙን በማንኪያ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ማድረግ።

ስድስተኛ፦ ከዚያ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እኛም ባለፈው እሑድ በተከራየነው ቤት ስንሞክር በእጃችን የነበረው ጽሑፍ «ከዚያ ይገለበጣል» ብሎ አለፈ። እንዴት? ምንም አይል። ከመጥበሻው የሚያንስ ሳህን ከደንን፣ ፈራ ተባ እያልን አዘነበልነው፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ፣ ግማሹ ምድጃው ላይ ቀረ! ስድስት እንቁላል! ስቀን አለፍን፣ የቀረውንም ተካፈልን። ግን እነዚያን የናቫራ እናቶች አሰብናቸው። ሦስቷ እንቁላል የቤተሰቡ ራት በሆነችበት ቤት ይህች ቅጽበት ቀልድ አልነበረችም።

ስለዚህ ጽሑፉ ያልነገረንን እንናገር። ሳህኑ ከመጥበሻው የሰፋ፣ ጠርዙም ለጥ ያለ ይሁን። ከመገልበጥ በፊት መጥበሻውን ወዝወዝ ሲያደርጉት ቶርቲያው ከሥሩ ለቅቆ መንሸራተት አለበት፤ ካልለቀቀ ገና ነው። መጥበሻውን ከእሳት ማራቅ፣ ትኩስ ዘይት ሊወርድ ስለሚችል እጅን በጨርቅ መሸፈን፣ ሳህኑን መክደን፣ በመዳፍ አጥብቆ መያዝ፣ ከዚያም ሳያመነቱ ባንዴ መገልበጥ። ያመነታ እጅ ነው የሚያፈሰው። ከሳህኑ ላይ ወደ መጥበሻው ቀስ ብሎ አንሸራቶ መመለስና ሌላውን ወገን 3 ደቂቃ ማብሰል።

መሐሉ ምን ያህል ይጠንክር የሚለው የስፔናውያን ሙግት ነው። በጋሊሲያ፣ በቤታንሶስ ከተማ ያለ ሽንኩርት ይሠሩታል፤ መሐሉም ሲቆረጥ ይፈሳል። ሽንኩርት ይግባ አይግባ የሚለውም ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ለሁለቱም ወገን ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እኛ ግን እንቁላል ሳልሞኔላ የተባለ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል መሐሉ ረግቶ ቢበስል እንመርጣለን፤ በተለይ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ። ሙቀቱ መሐሉ ድረስ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። መለኪያ ለሌለው፣ ሲቆረጥ የሚፈስ ነገር ካልታየ ደርሷል። ሞቆም ቀዝቅዞም ይበላል፤ በዳቦ መሐል ገብቶ ለምሳ ይያዛል። ፍሪጅ ከሌለ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይሻላል። የፍስክ ምግብ መሆኑን ደግሞ ማንም አይስተውም።

በመጨረሻም ዕጩ መምህራን ለሆንን ለእኛ የቀረች አንዲት ነገር አለች። ያ ጽሑፍ ቀላሉን ሁሉ በዝርዝር ነግሮን ከባዱ ላይ ሲደርስ «ይገለበጣል» ብሎ አለፈ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም እኛስ? ቀላሉን ደጋግመን፣ ከባዱን «ይህ ግልጽ ነው» ብለን የምናልፍበት ቀን አይጠፋም። ያን ቀን እንቁላሉ የሚፈሰው በእኛ ምድጃ ላይ አይደለም፤ በተማሪው ላይ ነው።

በሉ እንግዲህ ሞክሩት። ሰፊ ሳህን አትርሱ!